ለኤች አይ ቪ ተጋልጠው ይሆናል ብለው ከሰጉ፦ መቼ እንደሚመረመሩና የትኛውን ውጤት እንደሚያምኑ

ጅማ ውስጥ በምክርና ምርመራ አገልግሎት ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ከሁሉ በላይ ደጋግመን የምንጠየቀው ይህንን ነው፦ «ከሁለት ቀን በፊት ተጋልጬ ይሆናል፤ ዛሬ ብመረመር ይታወቃል?» ጠያቂው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በሥራ ላይ መርፌ የወጋት ነርስ ወይም ባለትዳር እናት ልትሆን ትችላለች፤ መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ዛሬ የሚደረግ ምርመራ ከሁለት ቀን በፊት የሆነውን አያሳይም። ቢሆንም ዛሬ መምጣትዎ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ቫይረሱ በሰውነትዎ ውስጥ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከለው መድኃኒት (ፔፕ ይባላል) የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በእጅዎ ሁለት ቆጠራዎች አሉ። አንደኛው በሰዓት የሚቆጠረው የመድኃኒቱ ጊዜ፣ ሁለተኛው በሳምንት የሚቆጠረው የምርመራው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው በሁለተኛው እየተጨነቀ የመጀመሪያውን ያሳልፋል፤ እባክዎ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የተጋለጡበት ቀንና ሰዓት፣ በወረቀት ወይም በስልክ ላይ የተጻፈ። ድንጋጤ ቀን ያምታታል፤ የሁሉም ስሌት መነሻ ግን ይህ ነው።
- በአሁኑ ጊዜ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ስም ወይም ማሸጊያቸው፤ በተለይ የጨጓራ፣ የቲቢ እና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለ።
- ስለ ሌላው ሰው የሚያውቁት መረጃ፦ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ይታወቃል ወይ፣ መድኃኒት ይወስዳል ወይ።
- የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ።
- ራስዎን በቤት የሚመረምሩ ከሆነ ማሸጊያው ያልተከፈተና ቀኑ ያላለፈበት የመመርመሪያ ኪት፣ ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛና በቂ ብርሃን።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የኤች አይ ቪ ምርመራም ሆነ መድኃኒቱ በነጻ ስለሚሰጥ ገንዘብ እስኪገኝ ብለው ቀን አይግፉ።

ደረጃ 1፦ መጋለጥ መሆኑን ይለዩ

መጋለጥ የሚባለው ያለ ኮንዶም ወይም ኮንዶም ተቀዶ የተደረገ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ተገዶ መደፈር፣ ሌላ ሰው በተጠቀመበት መርፌ ወይም ስለት መወጋትና መቆረጥ፣ እንዲሁም የሌላ ሰው ደም በዓይን፣ በአፍ ወይም በተከፈተ ቁስል ላይ መርጨት ነው። በአንድ ሲኒ ቡና መጠጣት፣ ከአንድ መሶብ መብላት፣ መጨባበጥ፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት መጠቀም ወይም በትንኝ መነከስ ኤች አይ ቪን አያስተላልፍም፤ ለእነዚህ ብለው መመርመርም ሆነ መድኃኒት መውሰድ አያስፈልግዎትም።

አጋርዎ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሆኖ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ከሆነና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ መድረሱ ከተረጋገጠ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በቅርብ ጊዜ በተደረገ የቫይረስ መጠን ምርመራ ሲረጋገጥ እንጂ በቃል ብቻ አይደለም።

መርፌ ወግቶዎት ከሆነ ቦታውን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ይጠቡ። ደሙ ይውጣ ብለው አይጭመቁት፤ በረኪናም አያፍስሱበት፤ ሁለቱም ቆዳን ከመጉዳት በቀር የሚጨምሩት ነገር የለም። ዓይን ላይ የተረጨ ደም በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል።

ደረጃ 2፦ 72 ሰዓቱን ይቁጠሩ፣ ካላለፈም መድኃኒቱን ይጠይቁ

ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ተጋልጠው ከሆነ 72 ሰዓቱ የሚሞላው ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ይህ የመጨረሻው ወሰን እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ቫይረሱ ከገባበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ሊምፍ ዕጢዎችና ወደ ደም የሚዛመተው በእነዚህ ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ በ4ኛው ሰዓት ሲጀመር የሚሰጠው መከላከያ በ70ኛው ሰዓት ከሚሰጠው ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ማታ የተጋለጠ ሰው ሰኞ ጠዋትን መጠበቅ የለበትም፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም እሑድም ይሠራል።

በጅማ ከተማ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል መሄድ ይችላሉ፤ በሥራ ሰዓት ደግሞ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይቻላል። አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ ወይም ዴዶ ያሉ ከሆነ ጅማ እስኪደርሱ አይጠብቁ፤ በቅርብዎ ባለው ሆስፒታል ይጀምሩ። በሩ ላይ ሲጠየቁ ዝርዝሩን በተራ ሰው ፊት መናገር አይጠበቅብዎትም፤ «ለኤች አይ ቪ ተጋልጬ ይሆናል፤ ፔፕ ለመጀመር ነው የመጣሁት፤ 72 ሰዓት አላለፈኝም» ማለት ይበቃል። በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ሊገልጹት ይችላሉ። ጉዳዩ በሰዓት የሚለካ መሆኑን በግልጽ ካልተናገሩ ተራ ሲጠብቁ ሊያመሹ ስለሚችሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት።

ፔፕ የሚባለው መድኃኒት ለ28 ቀናት በየዕለቱ ይወሰዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት ወይም እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቀንሳል፤ ካልቀነሰ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ። አንድ ቀን ከረሱ እንዳስታወሱ ይውሰዱና በቀድሞው ሰዓትዎ ይቀጥሉ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት አይደርቡ። በአሁኑ ጊዜ በብዛት በሚሰጠው ቅንብር ውስጥ ዶሉተግራቪር የሚባል መድኃኒት ስላለ፣ የጨጓራ አሲድ ማርከሻ የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱን ከማርከሻው 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው መውሰድ አለብዎት፤ አብረው ከተወሰዱ ዶሉተግራቪሩ በበቂ መጠን ወደ ደም አይገባም። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መጠኑ ሊስተካከልለት ስለሚገባ ሳይናገር መውጣት የለበትም።

72 ሰዓቱ አልፎ ከሆነ ፔፕ አይሰጥም፤ ወደ ደረጃ 3 ይለፉ።

ደረጃ 3፦ የመነሻውን ምርመራ ያድርጉ

ፔፕ ቢጀምሩም ባይጀምሩም በመጀመሪያው ቀን ምርመራ ይደረግልዎታል። ይህ ምርመራ ስለ ትናንቱ ክስተት አንዳች አይናገርም፤ የሚነግርዎት ከዚያ በፊት ቫይረሱ በደምዎ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ነው። አስፈላጊነቱ በሁለት ምክንያት ነው። አስቀድሞ ቫይረሱ ያለበት ሰው የ28 ቀን መከላከያ ሳይሆን ዘላቂ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ደግሞም ከሦስት ወር በኋላ የሚገኘው ውጤት ከምን ጋር እንደሚነጻጸር የሚታወቀው መነሻው ሲታወቅ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው የፔፕ ክኒን የዚህን ውጤት መድረስ መጠበቅ የለበትም።

በዚያው ቀን የሄፓታይተስ ቢና የቂጥኝ ምርመራ እንዲደረግልዎት ይጠይቁ፤ የመተላለፊያ መንገዳቸው ተመሳሳይ ነው፤ የፔፕ መድኃኒቶቹም በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ላይ ስለሚሠሩ በሽታው ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም ክትትል ያስፈልገዋል። መደፈር ከሆነ የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ እሱም በቶሎ ሲወሰድ የተሻለ ይሠራል።

ደረጃ 4፦ የተደረገልዎት ምርመራ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ

ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ በምርመራ እስኪታይ ድረስ ያለው ጊዜ ባለሙያዎች ዊንዶው ፔሬድ የሚሉት ነው። ርዝመቱ የሚወሰነው ምርመራው በሚፈልገው ነገር ነው፦

- ፀረ እንግዳ አካልን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን አንቲቦዲ የሚያይ ከሆነ፣ ከ23 እስከ 90 ቀናት። በጤና ጣቢያዎች ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ደም የሚሠሩ ፈጣን ምርመራዎች በአብዛኛው፣ በአፍ የሚሠራው ደግሞ በእርግጥ ከዚህ ይመደባሉ።
- አንቲቦዲውንም የቫይረሱን ቅንጣትም አብሮ የሚፈልግ፣ ከክንድ ደም ሥር በሚወሰድ ደም በላቦራቶሪ የሚሠራ ከሆነ፣ ከ18 እስከ 45 ቀናት።
- የቫይረሱን ዘረ መል በቀጥታ የሚፈልግ ከሆነ፣ ከ10 እስከ 33 ቀናት። ይህኛው ለማንም መጋለጥ በየዕለቱ የሚሠራ ምርመራ አይደለም፤ ሐኪሙ ልዩ ምክንያት ሲያይ ያዘዋል።

የመጀመሪያው ቁጥር ምርመራው ቶሎ ቢል ከመቼ ጀምሮ ሊያገኝ እንደሚችል፣ ሁለተኛው ደግሞ የማንኛውንም ሰው ውጤት ለማመን እስከ መቼ መጠበቅ እንደሚገባ ይገልጻል። የሰዎች ሰውነት አንቲቦዲ የሚያመርትበት ፍጥነት ስለሚለያይ፣ በ25ኛው ቀን ነጌቲቭ የሆነ ሰው በ50ኛው ቀን ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ምርመራ ተሳስቶ አይደለም፤ የሚፈልገው ነገር ገና ስላልተሠራ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለት ቀኖች ጽፈው ይያዙ

የመጀመሪያው ቀን 6 ሳምንት፣ ማለትም 42ኛው ቀን ነው፤ ሁለተኛው 3 ወር፣ ማለትም 90ኛው ቀን ነው። በእኛ ቀን መቁጠሪያ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ኅዳር 10 የተጋለጠ ሰው 6 ሳምንቱ ታኅሣሥ 22፣ 90 ቀኑ ደግሞ የካቲት 10 ይሞላል። ጳጉሜን መሐል ላይ ከገባች ግን መቁጠር አለብዎት፤ ነሐሴ 1 የተጋለጠ ሰው 90ኛው ቀኑ ኅዳር 1 ሳይሆን ጥቅምት 26 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ ጥቅምት 25። ጥቂት ቀን ዘግይቶ መመርመር ጉዳት የለውም፤ ቀድሞ መመርመርና ውጤቱን እንደ መጨረሻ መቁጠር ግን ጉዳት አለው።

በ6 ሳምንት የሚገኘው ነጌቲቭ ብዙ የሚያረጋጋ ውጤት ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ቫይረሱ ቢኖርበት ኖሮ እስከዚያ ይታይበት ነበር። እንቅልፍ ላጡ ሰዎች ይህንን ቀን ማለፍ ትልቅ እፎይታ መሆኑን በየጊዜው አያለሁ። የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን የ3 ወሩ ነው።

ፔፕ የወሰዱ ሰዎች በተለይ የ6 ሳምንቱን ውጤት እንደ መደምደሚያ መውሰድ የለባቸውም፤ መድኃኒቱ መከላከል ሳይችል ቀርቶ ቫይረሱ ገብቶ ቢሆን እንኳ የአንቲቦዲውን መፈጠር ሊያዘገይ ይችላል። ባለሙያው ከመድኃኒቱ ማብቂያ ተነሥቶ ቆጥሮ ተጨማሪ ቀጠሮ ከሰጠዎት ምክንያቱ ይኸው ስለሆነ ቀጠሮውን ያክብሩ።

ደረጃ 6፦ እስከ መጨረሻው ምርመራ ድረስ ሌሎችን ይጠብቁ

በእነዚህ ወራት ውስጥ ከማንኛውም አጋር ጋር፣ ከትዳር አጋርዎም ጋር ጭምር፣ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ደምም አይለግሱ። አዲስ የተያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ በቀላሉ የሚያስተላልፈው በዚያን ጊዜ ነው፤ ምርመራው ደግሞ ገና ነጌቲቭ ይላል። የሚያጠቡ እናት ከሆኑ ስለ ጡት ማጥባቱ ወዲያውኑ ከባለሙያ ጋር ይነጋገሩ።

ከተጋለጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታና የዕጢ ማበጥ ቢያጋጥምዎት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱና መጋለጥዎን ይናገሩ። እዚህ ጅማ አካባቢ ትኩሳት ያለው ሰው በመጀመሪያ ወባ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ ይባላል፤ እነዚህም መመርመር አለባቸው፤ ነገር ግን መጋለጥዎን ካልተናገሩ ማንም ሌላውን አያስብልዎትም። በተቃራኒው ምልክት አለመኖሩም ነጻ መሆንን አያረጋግጥም፤ ብዙዎች ምንም ምልክት አያዩም።

ደረጃ 7፦ ምርመራው ሲሠራ አብረው ይመልከቱ

ከጣት ጫፍ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በፊትዎ ነው የሚሠራው። ባለሙያው ጣትዎን በአልኮል ያብሳል፤ አልኮሉ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ በአዲስ መውጊያ ይወጋና በኪቱ ላይ ባለችው ቀዳዳ ደም አድርጎ በላዩ የፈሳሽ ጠብታ ይጨምራል። መውጊያው ከነማሸጊያው በፊትዎ ሲከፈት ማየት መብትዎ ነው። ከዚያ ቀይ ፈሳሽ በነጩ ወረቀት ላይ ቀስ ብሎ ሲወጣ ያዩታል። «ሲ» በሚለው ፊደል በኩል የሚወጣው መስመር ኪቱ በትክክል መሥራቱን ያሳያል፤ እሱ ካልወጣ፣ ሌላው መስመር ቢወጣም እንኳ ምርመራው አልተሠራም ማለት ነውና በሌላ ኪት ይደገማል። የውጤቱ መስመር ፈዛዛ ቢሆንም በተወሰነው ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ተቆጥሮ ማረጋገጫ ይደረግበታል። የንባቡ ደቂቃ እንደ ኪቱ ዓይነት ስለሚለያይ ከተወሰነው በፊትም ሆነ ካለፈ በኋላ ማንበብ ያሳስታል።

ራስዎን በአፍ ፈሳሽ የሚመረምሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኦራኩዊክ በሚባለው፣ ቢያንስ ከ15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ምግብ፣ ቡናም ሆነ ጫት በአፍዎ መግባት የለበትም፤ የጥርስ ሳሙናና የአፍ መጉመጥመጫ ከሆነ 30 ደቂቃ። የመመርመሪያውን ጠፍጣፋ ጫፍ በላይኛው ድድ ላይ አንድ ጊዜ፣ በታችኛው ድድ ላይ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያስኪዱ፤ ምላስንና ጉንጭን አይጥረጉ፤ የሚፈለገው ምራቅ ሳይሆን ከድድ የሚወጣው ፈሳሽ ነው። ከኪቱ ጋር በምትመጣው የፈሳሽ ጠርሙስ ውስጥ አቁመው ከ20ኛው ደቂቃ በኋላ፣ ከ40ኛው ደቂቃ በፊት ያንብቡ። ኪቱ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ሙቀት መቀመጥ ስላለበት ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አያቆዩት።

በአፍ ፈሳሽ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ በደም ካለው ያነሰ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ ኪት ለቤት ሲፈቅድ፣ ቫይረሱ ካለባቸው 12 ሰዎች አንዱን ነጌቲቭ ሊል እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ ለቅርብ ጊዜ መጋለጥ የመጨረሻውን ውጤት በደም እንዲያገኙ አጥብቄ እመክራለሁ።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን በትክክል ይረዱ

አንድ ኪት ፖዘቲቭ ማለቱ ብቻውን ቫይረሱ አለብዎት ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቫይረሱ አለ ከመባሉ በፊት በሦስት የተለያዩ ኪቶች በተከታታይ ፖዘቲቭ መውጣት እንዳለበት ይመክራል፤ ምክንያቱም ቫይረሱ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ በሚገኝበት ማኅበረሰብ የአንድ ኪት አልፎ አልፎ የሚፈጠር ስሕተት እንኳ ብዙ ጤነኛ ሰዎችን ሊነካ ይችላል። ኪቶቹ ካልተስማሙ ውጤቱ «አልተወሰነም» ይባልና ከ14 ቀን በኋላ ይደገማል። ከተረጋገጠ ደግሞ ሕክምናው በዚያው ቀን ወይም በቀጣዮቹ ቀናት ሊጀመር ይችላል፤ በጊዜ የጀመረ ሰው ረጅም ጤናማ ዕድሜ ይኖራል።

በ90ኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ በደም የተደረገ ነጌቲቭ ውጤት፣ በመካከሉ ሌላ መጋለጥ ከሌለና ፔፕ ወስደው ተጨማሪ ቀጠሮ ካልተሰጠዎት፣ የመጨረሻ ነው። አዲስ መጋለጥ ካለ ቆጠራው ከአዲሱ ቀን ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያዎች

- የኤች አይ ቪ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ራሱን በኪት መመርመር የለበትም፤ መድኃኒቱ ውጤቱን በሐሰት ነጌቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ይህ አስቀድሞ ለመከላከል ፕሬፕ የሚወስዱ ሰዎችንም ይመለከታል፤ መውሰድዎን ለባለሙያው ይንገሩ።
- የሌላ ሰው መድኃኒት ተካፍለው እንደ ፔፕ አይውሰዱ። ቅንብሩም መጠኑም ሊለያይ ይችላል፤ ያ ሰውም ያለ መድኃኒት ይቀራል።
- ለመመርመር ብለው ወደ ደም ባንክ አይሂዱ። በዊንዶው ፔሬድ ውስጥ ያለ ደም ማጣሪያውን አልፎ ለታማሚ ሊሰጥ ይችላል።

የተለመዱ ስሕተቶች

በየሳምንቱ መመርመር። የተለያዩ ተቋማት እየዞሩ በ8ኛው፣ በ15ኛው፣ በ20ኛው ቀን የሚመረመሩ ሰዎች አሉ፤ እነዚህ ሁሉ ውጤቶች ተደምረው የአንድ የ90ኛ ቀን ውጤትን ያህል አይናገሩም።

በአጋር ውጤት መተማመን። «እሱ ተመርምሮ ነጌቲቭ ስለሆነ እኔም ነጻ ነኝ» የሚለው በሁለት በኩል ይሳሳታል፤ እሱም በዊንዶው ፔሬድ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎም ከሌላ መንገድ ተጋልጠው ሊሆን ይችላል።

ፔፕን በ10ኛው ወይም በ15ኛው ቀን «ደህና ነኝ» ብሎ ማቆም። ደህንነት የሚሰማዎት መድኃኒቱ እየሠራ ሳለም፣ ቫይረሱ ሳይኖርም፣ ኖሮም ነው፤ ስሜት 28ቱን ቀን አይተካም።

ከ18 ወር በታች ያለ ሕፃንን በፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ብሎ መደምደም። የእናቱ አንቲቦዲ እስከዚያ ዕድሜ በደሙ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሕፃኑ የሚመረመረው የቫይረሱን ዘረ መል በሚፈልገው ምርመራ ነው፤ በኢትዮጵያ በተለምዶ በ6ኛው ሳምንት ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይላካል። ስለዚህ ለክትባት ሲወስዱት የእናቲቱን ሁኔታ ለባለሙያው መናገር አይርሱ።